በምርቃት የሄደች መኪና

የበደለኝ የታናሽ እህቴ ባል ነው። የበደለኝ ጊዜ አምና በሰኔ ሚካኤል፣ እዚህ ካናዳ ፋልከንሪጅ በሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ቄሱ አባታችን ለምርቃት ሲነሡ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ነገሩ ሲደበላለቅ መነሻው እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። መደበላለቁ አይቀርም፤ ለእኔ እስካሁንም አልጠራልኝም።

ማኅበራችን ትልቅ አይደለም። በየወሩ በሚካኤል አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቀኑ የሥራ ቀን ከሆነ ወደ እሑድ እናዞረዋለን። መንዳት የማይችሉ ሦስት ሴቶች አሉ። እነሱን ከየቤታቸው እየለቀምኩ የማመጣውም የምመልሰውም እኔ ነበርኩ። ወጥ የምትሠራው በወጧ፣ ዳቦ የምትጋግረው በዳቦዋ ስትታወቅ እኔ በመኪናዬ ነበር የምታወቀው። በማኅበሩ ውስጥ የነበረኝ ቦታ ይኸው ነው፤ አላፍርበትም።

የዚያን ዕለት የእህቴ ባል ስልኩን በእጁ እንደያዘ ተነሣና «አባታችን፣ ከመመረቅዎ በፊት አንዲት ነገር ልናገር» አለ። «መንግሥት አሮጌ መኪናውን ለሚያስረክብ ሰው ገንዘብ መስጠት ጀምሯል። አዲስ ሲገዛ ይቀነስለታል ማለት ነው። እኛ ሐበሾች እንዲህ ያለውን ነገር የምንሰማው ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ዘንድሮ ግን እትዬ ቀድመውናል። አሮጌዋን አስረክበው አዲስ ሊይዙ ወስነዋል።»

እትዬ የሚለው እኔን ነው። እኔ ምንም አልወሰንኩም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ይህንኑ ነገር በሬ ላይ ቆሞ ሲያነሣብኝ «እስቲ እናያለን» ብዬው ነበር። «እስቲ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው አይተረጎምለትም። በጨዋ አፍ አይሆንም ማለት ነው። እሱ ያንን ወስዶ እሺ አደረገው።

አፌን ልከፍት ስል ሴቶቹ እልል አሉ። ከማመላልሳቸው አንዷ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ «እሰይ፤ ያ የኋላ በር ከውጭ ካልከፈቱልን አልከፈት እያለ እንደ እስረኛ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ኖርን» አለችና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሳያልቅ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እንግዲህ አዲሲቱን መኪና የሰላም ያድርግልሽ» አሉ። «ከክፉ አደጋ ይሰውርሽ። ከበረዶው፣ ከሚያንሸራትተው መንገድ ይጠብቅሽ። የጫንሻቸውን በሰላም የምታደርሺባት ያድርጋት።»

ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ለልጆቻችን ይህን ማስረዳት አይቻልም። «ኖ ማለት ነበረብሽ» ይላሉ። ቄስ መስቀል አንሥተው፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ምርቃት ሲቀበል፣ አንዲት ሴት ብድግ ብላ «ይቆዩ አባቴ፣ እኔ አልወሰንኩም» ስትል አይቼ አላውቅም። ብትልም ሰው የሚሰማት ስለ መኪናዋ የተናገረችውን አይደለም። የእህቷን ባል በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ድግሱ፣ ዋሾ እንዳለችው ነው የሚሰማው። ይህን እሱም ያውቃል። አስቦበት አደረገው ወይስ ደስ ብሎት አፉ ላይ መጣለት? እስካሁን ካልገቡኝ ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

መኪናዬ ግራጫ ነበረች፣ ጃፓን ሠራሽ። የገዛኋት ብቻዬን መኖር በጀመርኩ ጊዜ ነው። ስለዚያ ጊዜ እዚህ አልጽፍም። የእህቴ ባል ያኔ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ «ይቺ አንድ ዊንተር አታልፍም እትዬ» ብሎኝ ነበር። እሷ ስንቱን ዊንተር ስታልፍ እሱ ስንት መኪና እንደለዋወጠ ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁም። አንድ ጊዜ የእሱ ተበላሽቶበት የእኔዋን ተውሶ ነበር። ሲመልስልኝ ነዳጁ ተሟጦ፣ ወንበሩ እግሬ ፍሬን እስከማይደርስ ድረስ ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ያንን ወንበር ወደ ፊት ለመሳብ እየታገልኩ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም።

የምሠራው ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ የበር እጀታና ማጠፊያ በየሳጥኑ በሚታሸግበት መጋዘን ነው። ሺፍቴ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ከእኔ ሰፈር ተነሥቶ እዚያ የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። ያለውም ግማሽ መንገድ ላይ አውርዶ ሌላ ያስጠብቃል፤ ያኛው ሲደርስ ሥራ ተጀምሯል። ስለዚህ መኪናዋ እንጀራዬ ነበረች። ከዚያም በላይ፣ ማንንም «እባክህ አድርሰኝ» ሳልል የምኖረው በእሷ ነበር። ያንን ቃል ላለመናገር ስል በዚህ አገር ብዙ ነገር ችያለሁ።

ከምርቃቱ በኋላ ቅናሹ ምን እንደሆነ ለመረዳት ሞከርኩ። አብራኝ የምታሽግ ፊሊፒናዊት ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ነው አለችኝ። ሱፐርቫይዘሬ እሱማ ቆሟል፣ ገንዘቡ አልቋል አለ። ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሰው ደግሞ የቆመው ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል አለኝ። አንዱ አሮጌ መኪና ማስረከብ ግዴታ ነው ሲል ሌላው አሮጌ መኪና ከነገሩ ጋር ምንም አያገናኘውም አለ። አንዱ ገንዘቡ የሚሰጠው ለገዢው ነው አለ፤ ሌላው ለሻጩ ነው፣ ሻጩም መጀመሪያ ዋጋውን ከፍ ያደርግና ከዚያ ቀነስኩልህ ይላል አለኝ። እኛ አገር መንግሥት አንድ ነው፤ ሲሰጥም ሲነሣም አንድ ነው። እዚህ የከተማው አለ፣ የክፍለ ሀገራችን የአልበርታው አለ፣ የዋናው መንግሥት የኦታዋው አለ። አንዱ የሚሰጠውን ሌላው አያውቀውም። የእህቴ ባል «መንግሥት» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በሰው ሁሉ ፊት የተመረቀን ነገር ዞሮ መመርመር ነውር መሰለኝ።

ደግሞ በግማሽ ልቤ አምኜው ነበር። ያን ሰመር የደን ቃጠሎው ጭስ ከተማው ላይ ተኝቶ ፀሐይዋ እንደ ቀይ ሳንቲም ሆና ነበር የምትታየው። ስናሽግ እንስል ነበር። መኪና ሁሉ ይህን ያባብሰዋል ይባላል። የእኔዋም በብርድ ስትነሣ ከኋላዋ የምትለቀውን በመስታወት አየው ነበር፣ አልዋሽም። ምናልባት መንግሥት ልክ ነው አልኩ። ምናልባት እንደ እኔ ያለውን ገፋ አድርገው ካላስነሡት አይነሣም።

የእህቴ ባል «መጀመሪያ አሮጌዋ መውደሟ መረጋገጥ አለበት፤ ቅናሹ ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። ጎትቶ የሚወስዳትን ቶው ትራክም የጠራው እሱ ነው። የመጣው ሹፌር ጥምጥም ያሰረ ፑንጃቢ ነበር። ቁልፉን ተቀብሎኝ ሞተሯን አስነሣና ትንሽ አዳመጠ።

«ጥሩ ትሠራለች እኮ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ለምንድን ነው የምትጥያት?»

«መንግሥት ነው» አልኩት።

ትከሻውን ነቀነቀና ሰንሰለቱን ማሰር ጀመረ። እኔ ከውስጧ ነጠላዬን፣ የበረዶ መፋቂያውንና መስታወቷ ላይ የተንጠለጠለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አውጥቼ በክንዴ ታቅፌ ቆምኩ። የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ሲነሡ የእህቴ ባል ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ ወደዚህ ይዙሩ። ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ ለማኅበሩ ግሩፕ ልልከው ነው።»

ፈገግ አልኩ። ፎቶው አሁንም ግሩፑ ላይ አለ። ከሥሩ ብዙ የጸሎት እጅና ብዙ ልብ ተደርድሯል።

በዚያው ሳምንት አዲስ መኪና ወደሚሸጥበት ዲለር ይዞኝ ሄደ። ሻጩ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ክራቫት ያሰረ፣ «ማዘር» እያለ የሚያናግር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውኃም ሰጠኝ።

«ማዘር፣ አሮጌዋን ይዘዋታል? ትሬድ ኢን ካደረጓት እንቀንስልዎታለን» አለ።

«ተፈጭታለች» አለ የእህቴ ባል፣ እንደ ምሥራች።

ሻጩ እሱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ለምን?» አለ።

«ለመንግሥቱ ቅናሽ ነዋ። አሮጌ ለሚያስረክብ የሚሰጠው።»

«እኔ የማውቀው የኤሌክትሪኩን ነው፣ እሱም አሁን ቆሟል። ስለ ማስረከብ የምትለውን እዚህ ሰምቼ አላውቅም ወንድሜ።» ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኤሌክትሪኩ ቢመለስም ማዘር፣ የት ነው ቻርጅ የሚያደርጉት? ጋራዥ አለዎት?»

የለኝም። የምኖረው ታውንሃውስ ተከራይቼ ነው፤ የማቆመው መንገድ ዳር ነው። በዊንተር ሞተሯን የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ገመድ በእግረኛ መንገዱ ላይ ስዘረጋ እንኳ ጎረቤቴ ሰው ይጠልፋል ብሎ ይቆጣኝ ነበር። ውኃውን ጠጥቼ ጨረስኩ።

ማታ እህቴ ቤት እራት ላይ ልጃቸው ነበረች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ ዳውንታውን ቢሮ ትሠራለች፣ እዚያው አጠገብ ቤልትላይን የሚባል ሰፈር አፓርታማ አላት። አባቷን ስልኩን ተቀበለችውና ወሬውን ያገኘበትን ቪዲዮ ከፈተችው። አንድ ሰው በጥሩ አማርኛ እያስረዳ ነበር። ቆማ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ዳድ፣ ይሄ እኮ ቢሲ ነው።» ቢሲ ከአልበርታ ቀጥሎ ያለው ክፍለ ሀገር ነው።

«ቢሲ ካናዳ አይደለም እንዴ?»

«ካናዳ ነው፣ ባት ፕሮግራሙ የእነሱ ፕሮቪንስ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ብቻ። ሰውዬው ራሱ እያለው ነው፣ ሊስን።»

«መጨረሻውን አላየሁትም» አለ። «ረጅም ነው።»

እህቴ ሰሐን እያነሣች ነበር። የጠበቅኩት ከእሷ አንድ ቃል ብቻ ነው። «አንተ ደግሞ» ብትለው ይበቃኝ ነበር። «እግዜር ለበጎ ብሎ ነው» አለችና ወደ ኩሽና ገባች። ለማን በጎ እንደሆነ አልነገረችኝም። ልጅ ሆነን እናታችን ስትቆጣ እኔ ነበርኩ ከፊቷ የምቆመው። ይህን እዚህ የምጽፈው እንድታነበው ነው።

«እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኳችሁ» አለ ባሏ። «ለእርስዎ ብዬ ነው እትዬ፣ ምን ላገኝ? ይልቅ አያስቡ። ሥራ እኔ አደርስዎታለሁ።»

ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ በቅዳሜው ቤልትላይን ሻይ ጋበዘችኝ።

«አክስቴ፣ ዳድ ተሳስቷል፣ ኦኬ» አለችኝ። «ባት አይዲያው ራሱ መጥፎ አይደለም። አሮጌ መኪና ብዙ ፖሉት ያደርጋል። መንግሥት ትንሽ ካልገፋ ማንም አይለውጥም።»

«አንቺ መኪና አለሽ?»

«ኖ። እኔ ዋክ ነው የማደርገው።»

«መኪና የሌላት ስለ መኪና ታስተምረኝ ጀመር።»

ሳቀች። «ኦኬ፣ ፌር።»

«እስቲ ንገሪኝ፤ ቅናሹን የሚያገኘው ማነው? አዲስ መኪና መግዛት የሚችል ሰው ነው። እሱ ያለ ቅናሹም ይገዛ ነበር። እኔ ከነቅናሹም ጭንቅ ነው። ታዲያ ለማን ተብሎ ተሰጠ?»

«አንዳንድ ሰው በእሱ ምክንያት ዲሳይድ ያደርጋል።»

«ስንቱ?»

«እሱን አላውቅም።»

«የእኔዋ መኪና ትሄድ ነበር። የምትሄድ መኪና ፈጭቶ ሌላ መሥራትስ ጭስ የለውም?»

«አለው። ባት በጊዜ ብዛት አዲሱ ያካክሰዋል።»

«በስንት ጊዜ?»

ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ግንባሯን ቋጥራ ብዙ አነበበች። አንዱ ቦታ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል አለችኝ። «ዲፔንድስ አክስቴ። ስንት እንደምትነጂ፣ ምን እንደምትገዢ፣ መብራቱ ከምን እንደሚመጣ።» ተማርኩ ካለው ሰው ሁሉ የማገኘው መልስ ይኸው ነው፤ እንደሁኔታው። ቁልፌን ስሰጥ ግን እንደሁኔታው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እኔ የቅናሹን ነገር ከንቱ ነው አልልም። አባወራ ሆኖ፣ ጋራዥ ኖሮት፣ መኪናው መንገድ ላይ እየቆመ የሚያስቸግረው ሰው አውቃለሁ፤ ለእሱ ደግ ነገር ይሆን ነበር። ለእኔ ግን መኪናዬን ከሚገዙኝ ይልቅ ጎሕ ሳይቀድ አንድ አውቶቡስ ቢልኩልኝ ቁልፉን ራሴ ወስጄ ባስረከብኩ። ያን ጊዜ ምርቃትም አያስፈልገኝም ነበር። ይህን ለልጅቷ ብነግራት ዓይኗ በራ፤ «ኤግዛክትሊ» አለች። ቆየት ብዬ ሳስበው ደግሞ በዚያ ሰዓት ለአምስት ለስድስት ሰው የሚሄድ ትልቅ አውቶቡስ እሱስ አያጨስም ወይ አልኩ። እዚህ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።

የእህቴ ባል እንዳለው ያደርሰኝ ጀመር። በመጀመሪያ በሰዓቱ ይመጣ ነበር። እያደር «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚል ስልክ መጣ። ካፖርቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ መስኮት ሥር እቆማለሁ። የእሱ ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ለእሱ ምንም አይደለችም። ሱፐርቫይዘሬ ቀና ብሎ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ እኔን ማየት ያዘ። እኔ እዚያ መጋዘን ከገባሁ ጀምሮ ሰዓት ታይቶብኝ አያውቅም ነበር። የእህቴ ባል ደግሞ መኪና ውስጥ ዝም አይልም። ስለ አገሩ ፖለቲካ ያወራል፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያስረዳል። አልከራከረውም። የሰው መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይከራከርም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ደግሞ ምስጋናው ነው። የማኅበሩ ሴቶች እየደወሉ «ወንድም ሰጠሽ እኮ እግዜር» ይሉኛል። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ «በዚህ ዘመን ማን በጠዋት ተነሥቶ የሚስቱን እህት ያደርሳል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማንም አያደርስም። እኔ ምን ልበላት? መኪናዬን ያሳጣኝ እሱ ነው ብል፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ አሜን ያልሽ ትለኛለች። ደግሞ ብያለሁ።

በኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለሻይ ተሰልፌ ቆሜያለሁ። እሱ ከኋላ፣ ከእኔ ሁለት ሰው አልፎ፣ ከአንድ ሰው ጋር ያወራል። እኔን አላየኝም፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር።

«እኔ ባላደርሳት ይኼኔ ሥራዋን አጥታ ነበር» ሲል ሰማሁት። «በጠዋት መነሣቱ ይከብዳል፤ ግን ዘመድ ናት፣ ምን ይደረጋል።»

«ዋጋህን ከላይ ታገኛለህ» አለው ሰውዬው።

ዞር አላልኩም። ተራዬ ሲደርስ ሻዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ማን እንዳታለለኝ ለይቼ ለማወቅ ፈልጌ ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው እውነቱን ነው የተናገረው። የቢሲው መንግሥት ለራሱ ሰዎች ነው የሰጠው፤ የኦታዋው ለእኔ ምንም ቃል አልገባልኝም። ሻጩ ቅን ሰው ነው። አባታችን የመረቁት የነገሯቸውን አምነው ነው። የእህቴ ባል እንኳ እስከማውቀው ድረስ በእኔ መኪና ሳንቲም አላገኘም። አንድ በአንድ ሳያቸው ሁሉም ልክ ናቸው፤ መኪናዬ ግን የለችም። ያኔ በምርቃቱ መሐል ብናገር ኖሮ የሚለው ይመጣብኛል። ቢሆንም ነገሩን የተናገረው እሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የጻፍኩትን አልለውጠውም።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው ሳምንት ከሥራ ባልደረባዬ ከፊሊፒናዊቷ አሮጌ መኪና ገዛሁ። ካስረከብኳት ይልቅ ያረጀች ናት፣ ጭሷም ይበልጣል። ኢንሹራንስ ገባሁ፣ ታርጋ አወጣሁ። ለእህቴ ባል ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ብዬ ጻፍኩለት፤ ለምን ሲለኝ አልመለስኩለትም። ሦስቱን ሴቶች ማመላለሱን እንደገና ጀመርኩ። ዘንድሮ የማኅበሩ ተራ እሱ ቤት በደረሰ ጊዜ ሴቶቹን በሩ ላይ አውርጄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሲጨርሱ ሄጄ ወሰድኳቸው።